በሉብና ቁጥር

«ስሙ የአንች ነው፤ ቁጥሩም የአንች ነው። ግቢና ተፈተኝ። ማን ያውቃል?»

ሀስና ይህን ስትሰማ ገና ጎህ አልቀደደም። ለሱብሂ ውዱእ ልታደርግ ውሃ በጆግ ይዛ ከቤቱ ጀርባ ቁጢጥ ብላ ነበር። ተናጋሪው ባሏ ዓሪፍ ነው፤ ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ ድምፅ አይከለክልም። የምትመልስለት ታናሽ እህቱ ሉብና ናት። «ትምህርቱን የጨረሰችው እኮ እታለም ናት» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። እታለም የምትለው ሀስናን ነው። ዓሪፍም «እሷ ሥራዋ የትም አይሄድባትም። ዛሬ ባይሆን ነገ ሌላ ሥልጠና ይመጣላታል። አንች ግን ዲግሪሽን በፌስታል ጠቅልለሽ ከተቀመጥሽ ይኸው አራት ዓመትሽ» አላት። ከዚያ በኋላ የተሰማ ነገር የለም። ሀስና ክንዷን ስንቴ እንዳጠበች ጠፋባትና ውዱኡን ከመጀመሪያው ጀመረች።

እስከ ትናንት ማታ ድረስ ነገሩ ያለቀ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ጠዋት አብረው ወልድያ ይሄዳሉ፤ በስልክ የተሰጠውን የታመሙ ሕፃናት ሕክምና ሥልጠና የጨረሱ ባለሙያዎች ወደሚፈተኑበት አዳራሽ ይገባሉ፤ ሉብና «በእኔ ቁጥር የተማረችው እሷ ናት» ትላለች፤ ስሙ ይስተካከላል። ስህተቱ የማንም ክፋት አልነበረም። ሥልጠናው የመጣ ሰሞን ሉብና በራሷ ስልክ፣ በራሷ ስም ተመዘገበች፤ በነርስነት ተመርቃ ሥራ ያላገኘች ልጅ ያየችውን በር ሁሉ ታንኳኳለች። ሁለት ትምህርት ሠራችና ሰለቻት። ሀስና ደግሞ ከመርሳ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ በሕፃናት ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራች ነርስ ናት። ያላት ስልክ ግን ባለቁልፍ ነው፤ ከመደወልና ጨለማ ከማብራት ሌላ ጥቅም የለውም። «ከተውሽው እኔ ልየው» ብላ ከሦስተኛው ትምህርት ቀጠለች። ከመግሪብ እስከ ኢሻ ሉብና ስልኳን ትሰጣታለች፤ ሀስና ከፍራሹ ጫፍ ተቀምጣ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ ጥላ፣ ሥዕሉን ታያለች፣ ድምፁን ታዳምጣለች፣ ጥያቄውን ትመልሳለች። ኔትወርክ ሲጠፋ ትናንት የወረደውን ትደግማለች። መብራት የጠፋ ሰሞን ስልኩን ጤና ጣቢያ ወስዳ በሶላር ሞልታ ታመጣለች። እንዲህ እያለች በሰባት ወር እስከ መጨረሻው፣ እስከ ሃያ አራተኛው ደረሰች። ስለ ስም ያሰበ አልነበረም። የፈተናው ዝርዝር በቴሌግራም ሲመጣ ከመርሳ አካባቢ የተጠራው የሉብና ስም ብቻ ሆነ።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ አብዱሰመድ ክፉ ሰው አይደለም፤ ወረቀት የሚፈራ ሰው ነው እንጂ። ባለፈው ሳምንት ሀስናን ጠርቶ፣ «ሲስተር፣ ከሐምሌ ጀምሮ የሕፃናት ክፍሉ የዚህ ሥልጠና ምስክር ወረቀት ላለው ነው ተብሏል። ከሌለሽ ወደ ካርድ ክፍል አዛውርሻለሁ፤ እንዳትቀየሚኝ» ብሏት ነበር። ካርድ ክፍል ተቀምጦ የሚሠራበት ነው። አርባ ሦስት ዓመት ለሞላት፣ ጉልበቷን ለሚያማት ሴት እረፍት ነው የሚሉ አሉ። ሀስና ግን የልጅ ልቅሶ የማይሰማበት ክፍል ውስጥ ምን ብላ እንደምትውል ማሰብ አቃታት። ድሮ በስምንት ወራቸው ታቅፈው የገቡባት ልጆች ዛሬ የራሳቸውን ልጅ ታቅፈው ይመጡባታል፤ እነሱ አያስታውሷትም፣ እሷ ታስታውሳቸዋለች።

ቁርስ ቀረበ። ሉብና ነጭ ጋወኗን ተኩሳ ስታበቃ አጥፋ አስቀመጠችው፣ ከዚያ ዘርግታ እንደገና ተኮሰችው። ሁለቱ ልጆች ዳቧቸውን በሻይ እየነከሩ በልተው ወደ ትምህርት ቤት ሄዱ። ዓሪፍ በሩ አጠገብ ካለችው ዱካ ላይ ተቀምጦ ሻዩን ቶሎ ቶሎ ፉት ይላል፤ ሌላ ቀን በዚህ ሰዓት አስፋልቱ ዳር ያለችውን የሚስማርና የቀለም ሱቁን ከፍቷል። አባታቸው ሲሞት ሉብና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ ያሳደጋት እሱ ነው። ደሴ ስትማር የቤት ኪራይዋን ወር በወር የላከችላት ደግሞ ሀስና ናት፣ ከደሞዟ ቀንሳ። ስለዚህ ሉብና ሥራ ብታገኝ የሀስናም ደስታ ነው። ነገሩን ያከበደባትም ይኸው ነበር፤ የምትቀየመው ሰው ጠፋት።

«አንችም ትሄጃለሽ?» አለ ዓሪፍ፣ ዓይኑን ከብርጭቆው ሳያነሳ።

«ፈቃድ ወስጃለሁ።»

«እንዲያው በዚህ ሙቀት እንዳትደክሚ ብዬ ነው።»

«አልደክምም» አለችና ነጠላዋን አነሳች።

ሚኒባሱ ከውርጌሳ የመጣ ነው፤ መርሳ ላይ ሁለት ሰው አውርዶ ሁለት ሰው ይጠብቃል። ባለፈው ወር ሰማንያ ብር የነበረው ሒሳብ መቶ ሃያ ሆኗል። ረዳቱ ማንም ሳይጠይቀው «ነዳጅ እኮ ተሰልፈን አድረን ነው» አለ። ሀስና እንደ ልማዷ የሁለቱንም ከፈለች። ሉብና በመስኮት በኩል ተቀምጣ ጋወኗን እንዳይጨማደድ ጭኗ ላይ ዘረጋችው። መኪናው ማንጎና ፓፓያ የደረደሩትን ሴቶች አልፎ አስፋልቱን ያዘ። ሀስና ትጠብቅ ጀመር። ልጅቱ «እታለም፣ ዓሪፍ እንዲህ ብሎኛል» ብትላት ይበቃታል፤ ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን አብረው ይመክሩበታል። ሉብና ግን «ፀሐዩ በአንች በኩል ነው፣ ቦታ እንቀያየር?» አለቻት። ሀስና «ይቅር» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «የዘንድሮ ማሽላ እንዴት ነው የሚመስለው?» አለች ሉብና፣ ገና ያልተዘራ እርሻ በመስኮት እያየች። «ዝናቡ ከመጣ ነዋ» አለች ሀስና። 

ስሪንቃ ሊደርሱ ሲሉ ሀስና ከኋላዋ አንድ ድምፅ ሰማች። ሳል አይደለም፣ ልቅሶም አይደለም። ሕፃን አየር ባወጣ ቁጥር መጨረሻው ላይ «እህ» የምትል አጭር ድምፅ ናት፤ ሞተሩ ጋብ ሲል ትሰማለች፣ ሲያጓራ ትጠፋለች። ዞር አለች። ማተብ ያሰረች ወጣት እናት ልጇን በጋቢ ሸፍና ታቅፋለች።

«ስንት ወሩ ነው፣ እህቴ?» አለቻት።

«ሰባት ይዟል።»

«አሞታል እንዴ?»

«ጉንፋን ነው። ሽሮፕ ገዝቸለታለሁ» አለች እናትየዋ፤ ስሟ ዘነበች ነው። ወልድያ እህቷ ልጅ ክርስትና እያስነሳች ስለሆነ ወደዚያ እየሄደች ነበር። ጋቢውን ወደ ልጁ ፊት ሳብ አደረገችው፤ ሀስና ገባት፣ የማያውቁት ሰው ዓይን በልጅ ላይ ሲበዛ ማን ይወዳል። «እኔ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው ከልጆች ጋር» አለቻት ለስለስ ብላ። «ጡት ይጠባል?» ዘነበች ጋቢውን ለቀቅ አደረገችው። «ከትናንት ማታ ወዲህ እንቢ ብሎኛል» አለች፣ ይህን ለሰው ስትናገር ገና የመጀመሪያዋ እንደሆነ ሁሉ ድምጿ ተሰብሮ።

ሀስና ወደ ሉብና ዞረች። «ስልክሽን ስጭኝ። ደቂቃ የሚቆጥረውን ክፈችው።» ከዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ወንድሜ፣ ለአንድ ደቂቃ ዳር ያዝልኝ። የታመመ ልጅ አለ፣ እየተንገጫገጨ አይቆጠርልኝም» አለች ለሾፌሩ። ሾፌሩ እዚህ ማቆም አይቻልም አለ። ከበሩ አጠገብ የተቀመጡ ኮፊያ ያደረጉ አዛውንት ናቸው ያቆሙት። «ያዝ ልጄ፣ ያዝ። አንድ ደቂቃ የማንንም ገበያ አይፈታም» አሉት። መኪናው ዳር ያዘ፤ ሞተሩ ጠፋ። ዘነበች ጋቢውን ገለጠች። ሕፃኑ አየሩ ሲነካው አለቀሰ፤ ሀስና ሸሚዙን እስከ ብብቱ ገልጣ እጇን ሳትጭንበት ዝም ብላ ጠበቀች። አንዱ «ምን እየጠበቀች ነው?» ሲል ሌላው ዝም አሰኘው። ልጁ ሲረጋጋ «ጀምሪ» አለች ለሉብና። አሥራ አራት ሰው ያለበት መኪና ለአንድ ደቂቃ ጸጥ አለ።

«ስድሳ ስድስት» አለች ሀስና። ሉብናም በልቧ ስትቆጥር ነበር፤ ያገኘችው ግን አርባ ስምንት ነው። ይህን ስትናገር ጆሮዋ ቀላ። ሀስና አልተቆጣችም። «ፊቱን አትይ። ፊቱን ስታይ ትሳሺያለሽ፣ ቁጥር ይጠፋብሻል። ሆዱ ላይ አንድ ቦታ ያዥና ከፍ ባለ ቁጥር ቁጠሪ። ይችን ደግሞ እያት» አለችና ከጎድኑ በታች ያለውን አሳየቻት፤ ልጁ አየር በሳበ ቁጥር ሥጋው ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። እንደገና ቆጠሩ። በዚህኛው ሁለቱም ስድሳ አምስት አሉ። በዚህ ዕድሜ ከሃምሳ ካለፈ ፈጣን ነው። ጡት እንቢ ካለበት ጋር ሲደመር ደግሞ ለክርስትና ግብዣ የሚውልበት ሰዓት አልነበረም። «ቀጥታ ሆስፒታል ነው የምንሄደው» አለቻት ለዘነበች። «እግዚአብሔር ያውቃል፣ አትፍሪ። በጊዜ ነው የያዝነው።» ሾፌሩ ከዚያ እስከ ወልድያ ድረስ ለማንም አላቆመም።

መናኸሪያው ሲደርሱ ለሦስት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ነበር። ፈተናው ሦስት ሰዓት ይጀምራል። አዳራሹ ወደ ላይ ነው፣ ሆስፒታሉ በሌላ አቅጣጫ። ዘነበች ቦርሳዋን በአንድ እጇ፣ ልጇን በሌላው ይዛ በባጃጆቹ መካከል ግራ ገብቷት ቆማለች፤ ወልድያን የምታውቃት በእህቷ ሰፈር በኩል ብቻ ነው። ሀስና አየቻት፣ ከዚያ ሉብናን አየች። ሉብና አዳራሹ ብቻዋን ከገባች ምን እንደሚሆን ሁለቱም ያውቁታል፤ ሀስና እንደምታውቅ ግን ሉብና አታውቅም።

«አንች ሂጅ» አለች ሀስና።

«አንችስ?»

«እኔ ይችን አድርሼ እመጣለሁ።»

ሉብና አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ ባጃጁ ጥሩምባ ነፋ፤ ሀስናና ዘነበች ገቡ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ዘበኛው የሪፈር ወረቀት ጠየቀ። የለም። ሀስና ከቦርሳዋ ደብተር አውጥታ አንድ ገጽ ቀደደችና ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጻፈች፦ ዕድሜ፣ ሁለት ጊዜ የተቆጠረ ትንፋሽ፣ የተቆጠረበት ሰዓት፣ የደረት መሰርጎድ፣ ጡት መጥባት ያቆመበት ጊዜ። ከታች ስሟንና ሥራዋን ጽፋ ፈረመች። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ዕንቅልፍ ያልጠገበ ወጣት ሐኪም ወረቀቱን አነበበ፣ ልጁን አየ፣ «ማነው የቆጠረው?» አለ። «እኔ ነኝ።» ሌላ አልጠየቀም። ልጁን አስተኛው፣ ነርሷ ቀጭኗን የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫው ላይ አደረገች፣ መርፌ ተዘጋጀ። ሀስና ካርድ አወጣች፣ መድኃኒት ቤት ተሰለፈች፣ ለዘነበች እህት ደውላ ያሉበትን ነገረች። በመስኮት በኩል ፀሐይዋ ከፍ ስትል ታያታለች፤ ሦስት ሰዓት አለፈ፣ አራትም አለፈ። ዘነበች የአልጋውን ጫፍ ይዛ፣ «ለካ ጉንፋን አይደለም» ትላለች በየመሃሉ፣ ለማንም ሳይሆን። እህቷ ስትመጣ ነበር ሀስና የወጣችው። እኩለ ቀን ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ሉብና ከአዳራሹ ደረጃ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ አገኘቻት። ጋወኗን አውልቃ አጥፋዋለች። ሌሎቹ ተፈታኞች ለምሳ ወጥተዋል። መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ልጁ ነው። «ኦክስጅን ላይ ነው፤ አልሀምዱሊላህ፣ ትንፋሹ ቀንሷል» አለች ሀስና፣ አጠገቧ እየተቀመጠች። ጉልበቷን ቆረጠማት።

«ገባሽ?»

«ገባሁ።»

«ነገርሻቸው?»

ሉብና የጋወኑን አንገት በጣቷ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። «አለፍኩ» አለች፣ የሆነ ነገር እንደሰረቀ ሰው ቀስ ብላ። ከመንገዱ ማዶ ያለች ባለ ፍራፍሬ ሴት ሙዟ ላይ ውሃ ትረጫለች። 

«ጠዋት ከግድግዳው ጀርባ ነበርኩ» አለች ሀስና፣ ሴትየዋን እያየች። «ውዱእ እያደረግኩ።»

ሉብና አንገቷን አቀረቀረች። «ታዲያ መኪና ውስጥ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«አንች እንድትናገሪ ነዋ። ስለ ማሽላ ስትጠይቂኝ ሁሉ እየጠበቅኩሽ ነበር።»

ሌላ ቃል ሳይናገሩ የአዳራሹ በር ተከፈተና ፈታኟ ሲስተር ትርሓስ ወጣች። ሲስተር ትርሓስ ወልድያ ተወልዳ ያደገች፣ ጠጉሯ የሸበተ፣ ግማሽ ዕድሜዋን ሕፃናት ክፍል ያሳለፈች ሴት ናት። ሉብናን ስታይ ቆመች። «አንች ልጅ፣ ልጠይቅሽ ብዬ ነበር» አለች። «ጠዋት አሥራ ሰባት ሰው ፈተንኩ። ሁሉም የመፈተኛውን አሻንጉሊት እንዳዩ መቁጠር ጀመሩ። አንች ብቻ ነሽ ሸሚዙን ገልጠሽ የቆየሽው። ምን ትጠብቂያለሽ ብልሽ፣ እስኪረጋጋ አልሽኝ። አሻንጉሊት እኮ ነው። የት ነው የለመድሽው?»

ሉብና መሬት መሬት አየች። መልሱ ቀላል ነበር፤ ከስልኩ ነው ብትል ያልቅ ነበር። ሀስናም ያን ጠብቃ ነበር። ልጅቱ ግን ተነሥታ ቆመች። «ከእሷ ነው የተማርኩት» አለች። «ዛሬ ጠዋት፣ መኪና ውስጥ። እኔ የሠራሁት ሁለቱን ትምህርት ብቻ ነው። ሌላውን በሙሉ በእኔ ቁጥር የሠራችው እሷ ናት። ልነግርዎት ነበር፤ ስሜ ሲጠራ ዝም ብዬ ገባሁ።»

ሲስተር ትርሓስ ምሳዋን በሳህን ይዛ ነበር፤ ደረጃው ላይ አስቀመጠችውና ሁለቱንም ለየብቻ አየቻቸው። «እንግዲህ ጣጣ ውስጥ ከተታችሁኝ» አለች ሳትቆጣ። «ስልኩ ሰው አያውቅም፣ ቁጥር ነው የሚያውቀው። ለአንች እንዳልፈርም እውነቱን ነገርሽኝ። ለእሷ እንዳልፈርም ስሟ የለም።»

«ይፈትኑኝ» አለች ሀስና።

«ምስክር ወረቀት እኮ አልሰጥሽም።»

«ይሁን። ይፈትኑኝ።»

ባዶው አዳራሽ ውስጥ፣ በተደረደሩት የፕላስቲክ ወንበሮች መካከል፣ ሀስና ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከጠረጴዛው ፊት ቆመች። ሲስተር ትርሓስ ለአንድ ሰው ከሚበቃው በላይ ጠየቀቻት። በጥያቄው የሚያንቀጠቅጠው ልጅ መጣ፣ ተቅማጥ የያዘው መጣ፣ እናቱ ቤት ልመልሰው የምትለው መጣ። ሀስና የጨርቁን አሻንጉሊት እውነተኛ ልጅ እንደምትይዝ አንገቱን ደግፋ ነው የያዘችው። አንድ ቦታ ላይ የድሮውን የመድኃኒት ልክ ተናግራ ሳትጨርስ ራሷ አረመችው። ለእናትየዋ ምን ትነግሪያታለሽ ስትባል ደግሞ፣ ሲስተር ትርሓስን እንደ እናትየዋ አድርጋ፣ «መቼ እንደምትመለሽ እስቲ አንች ድገሚልኝ» አለቻት። ሲስተር ትርሓስ ፈገግ ብላ ደገመችላት። ሉብና ከኋላ ረድፍ ቆማ ሁሉንም ሰማች።

ከዚያ ሲስተር ትርሓስ ዝርዝሩን አወጣችና የሉብናን ስም በእስክሪብቶ ሰረዘች። አንድ መስመር ብቻ ናት፣ ግን ሉብና ከንፈሯን ነከሰች። የሚቀጥለው ፈተና መስከረም መጨረሻ ላይ ነው፤ ሀስና ከአንደኛው ትጀምራለች፣ ሉብና ካቆመችበት ከሦስተኛው፤ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ቁጥር። ሲስተር ትርሓስ ለጤና ጣቢያው ኃላፊም አንድ ደብዳቤ በእጇ ጻፈች፦ ሲስተር ሀስናን ፈትኛታለሁ፣ ሥራውን ታውቀዋለች፣ ሕጋዊ ምዝገባዋ በሂደት ላይ ነው። ማኅተም መታችበት። «እኔ የሚማሩበት ስልክ የለኝም» አለች ሀስና፣ ደብዳቤውን እያጠፈች። ሲስተር ትርሓስ የሉብናን ስልክ ተቀብላ ጎኑን አገላብጣ አየች። «ይኼ ሁለት ሲም ይወስድ የለም እንዴ? የእሷንም አስገቡበት። አንዷ በቁጥሯ ተምራ ትወጣለች፣ ሌላዋ በራሷ ቁጥር ትገባለች።» ሁለቱ ተያዩ። ሰባት ወር ሙሉ አንድ ስልክ ሲቀባበሉ ይህን ያሰበ አልነበረም።

ከመመለሳቸው በፊት ሆስፒታል ጎራ አሉ፤ ሉብና መንገድ ላይ ሁለት ኪሎ ሙዝ ገዛች። ልጁ ተኝቷል፤ እህ የምትለዋ ድምፅ የለችም። ዘነበች ድምጿን ቀንሳ፣ ከአንድ ሰዓት በፊት ጥቂት እንደጠባላት ነገረቻቸው። ክርስትናው ያለ እሷ ሆነ፤ እህቷ ምግብ አምጥታ ጥላላት ሄዳለች። ለሀስና አንድ ሳህን ልታወጣላት ብላ፣ ሥጋ እንደሆነ ትዝ ሲላት እጇን ሰበሰበች፣ ሳቀችም። ሀስናም ሳቀች። ሉብና አልጋው ዳር ጎንበስ ብላ የሕፃኑን ሆድ ስታይ ቆየች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። «አርባ ሁለት» አለች ቀና ስትል።

በመመለሻው መኪና ውስጥ ሀስና ለአቶ አብዱሰመድ ደውላ የሆነውን ነገረችው። እሱ እስከ መጨረሻው አዳምጦ፣ «ደብዳቤው ማኅተም አለው?» ብሎ ጠየቀ። አለው። «ማኅተም ካለውማ እስከ መስከረም ያቆየናል፤ ነገ ይዘሽው ነይ» አለ፣ ከእሷ ይልቅ ራሱ እፎይ ያለ ይመስላል። ሉብና ለዓሪፍ አልደወለችም። እጇን ጋወኑ ላይ አድርጋ እስከ መርሳ ድረስ ወደ ውጭ ስታይ መጣች፤ ሀስናም ለማጽናናት አልቸኮለችም። የሰረዙ መስመር ገና ትኩስ ነው፤ የሚበርድበት ጊዜ ይፈልጋል።

ዓሪፍ ሱቁን ዘግቶ ከእነሱ ቀድሞ ገብቶ ነበር። «እህስ?» አለ እህቱን። ሉብና ቆማ እንዳለች ሁሉንም ነገረችው፤ ሀስና ከግድግዳው ጀርባ መስማቷን፣ ማለፏን፣ መናገሯን፣ ስሟ መሰረዙን። ምንም አላስቀረችም፣ ምንም አላሳመረችም። ዓሪፍ ከዱካው ላይ አልተነሳም። አገጩን ዳበሰ፣ መሬቱን አየ። ልጆቹ እንኳ ከደብተራቸው ቀና ብለው መልሰው አቀረቀሩ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«መስማትሽን ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ ለምን ከእኔ ተደብቀህ ተናገርክ?» አለች ሀስና። ድምጿ አልጠነከረም። ከገቡ ጀምሮ ነጠላዋን ገና አላወረደችም። «ቁጭ ብለን ብንመክር ኖሮ እኔ ለሉብና ክፉ እመክር ነበር?»

 የመግሪብ አዛን ሲጀምር ዓሪፍ ተነሳ፣ ጫማውን አደረገ። በሩ ላይ ሲደርስ ጀርባውን እንደሰጠ ቆመ። «መጀመሪያ የእሷን መዝግቢ» አለ ለእህቱ። «ሙሉ ስሟን። ከነአያቷ።» ወጣ።

ሶላታቸውን እንደጨረሱ ሉብና በመርፌ ጫፍ የስልኩን ጎን ከፍታ የሀስናን ሲም ከራሷ ጎን አስገባች። ስም ሲጠይቅ ጻፈች፤ የአባት፣ የአያት፣ የአገልግሎት ዘመን፣ አሥራ ዘጠኝ። ሀስና የመጀመሪያውን ትምህርት ልጆቹ የቤት ሥራቸውን ሳይጨርሱ ጨረሰችው፤ ስልኩንም ለሉብና መለሰችላት። ሦስተኛው ትምህርት ተቅማጥ ላይ ነው። አንድ ዓመት የሞላው ልጅ፣ ሦስት ቀን ያስቀመጠው፣ ውሃ ሲሰጡት ተስገብግቦ የሚጠጣ፣ የሆዱ ቆዳ ሲቆነጠጥ ቀስ ብሎ የሚመለስ። ምን ያህል ፈሳሽ ጎድሎታል? ሦስት ምርጫ አለ። ሉብና ድምጿን አውጥታ አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው። ጣቷን አንዱ ላይ አድርጋ መልሳ አነሳችው። ሀስና መልሱን ታውቀዋለች። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ልጅቱ ራሷ እስክታገኘው ድረስ ዝም ብላ ጠበቀቻት።